ገጹ በክሮም አይከፈትም፣ በከርል ግን ይመጣል። የጂዚፕ ችግር ይሆን?

የብርዱ ከተማ

ሰላም ናችሁ። ናላዬን ያዞረ ነገር ገጥሞኛል፣ የሚያውቅ ካለ ይድረስልኝ።

እዚህ ደብረ ብርሃን ለአንዲት ነጋዴ ድረ ገጽ አስተዳድራለሁ። ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ፣ ብቻ ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራውን ሁሉ ይሸጣሉ። ገጹ ዎርድፕረስ ነው። ከእኔ በፊት ሌላ ልጅ ነበር የሠራው፣ እኔ ተረከብኩት። በቅርቡ ከድሮው ሆስቲንግ አውጥተን አነስተኛ ቪፒኤስ (ለብቻ የሚያዝ ቨርቹዋል ሰርቨር) ላይ አስቀመጥነው። ኡቡንቱ፣ ገጹን የሚልከው ኤንጂንኤክስ እና ገጹን የሚሠራው ፒኤችፒ ኤፍፒኤም ነው ያለው። ፋይሉንም፣ ዳታቤዙንም፣ የኤንጂንኤክሱን ኮንፊግም እንዳለ ነው የገለበጥነው።

አሁን መነሻ ገጹ በክሮም ሲከፈት ባዶ ይሆንና «ኢአርአር ኮንቴንት ዲኮዲንግ ፌይልድ» ይላል። ፋየርፎክስ ደግሞ «ኮንቴንት ኢንኮዲንግ ኢረር» ይላል። በስልክም ያው ነው።

ግራ የሚያጋባው ምን መሰላችሁ። የአድሚን ገጹ ያለ ምንም ችግር ይከፈታል። በአድሚን ገብቼ ከሆነ መነሻ ገጹም ይከፈትልኛል፣ ስወጣ ግን ይጠፋል። ከተርሚናል በከርል (ገጽ በትእዛዝ በሚያመጣው መሣሪያ) ስጠራው ኤችቲኤምኤሉ ከላይ እስከ ታች ሙሉውን ይመጣል። የኢረር ሎጉ ንጹሕ ነው፣ አክሰስ ሎጉ ደግሞ 200 እያለ ይቆጥራል። ገጹን ጨምቆ የሚልከው ጂዚፕ ይሆናል ብዬ ዋናው ኮንፊግ ላይ አጥፍቼ ሪሎድ አደረግኩት፣ ወይ ፍንክች።

እትዬ በየሰዓቱ ይደውሉልኛል። «ልጄ፣ ሰዎች ሱቁ ተዘጋ ወይ እያሉኝ ነው» ይላሉ። ብርዱ የገባበት፣ ገበያው የደራበት ሰዓት ላይ ነው ይህ የሆነው።

ሸዋ ሮቢት 502

አቦ ምን አስጨነቀህ፣ ጂዚፑን ድርግም አድርገህ አጥፋውና ተገላገል። ለአንድ የብርድ ልብስ ሱቅ ኮምፕረሽን ምን ያደርጋል።

የብርዱ ከተማ

ወንድሜ አጥፍቼዋለሁ ብያለሁ እኮ። አልሠራም።

መሐል ሜዳ ላይ ነኝ

502 ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነህ፣ ጥያቄውን ሳታነብ መልስ ትጽፋለህ። ከዚያ ደግሞ «ምን ያደርጋል» የሚለውን አልስማማበትም። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የእንግሊዝኛው አንድ ነው። ስለዚህ እኩል የፊደል ቁጥር ያለው ጽሑፍ በአማርኛ ሲሆን ጥሬው ሦስት እጥፍ ሊሆን ነው ማለት ነው። የሚደጋገም ባይት ስለሚበዛበት ደግሞ ጂዚፕ ደህና አድርጎ ያሳንሰዋል። እናንተ ቆላ ላይ ሆናችሁ ፎር ጂ ሲመጣላችሁ አይታወቃችሁም ይሆናል። እኛ እዚህ ኔትወርኩ ባሰኘው ጊዜ ነው የሚመጣው። ካርድ ሞልቶ ዳታ የሚገዛ ሰው ላይ ያልተጨመቀ ገጽ መላክ ግፍ ነው።

ለጠያቂው ግን መልሱ የለኝም። አባ ሊኑክስ ቢያየው ጥሩ ነበር።

አባ ሊኑክስ

አየሁት ልጄ። ከአንኮበር ወርጄ አሁን ነው ኔትወርክ ያገኘሁት።

ዝም ብለህ ኮንፊግ አትነካካ። በመጀመሪያ ስህተቱ ምን እያለህ እንደሆነ እንስማው። ብሮውዘሩ ገጽ ሲጠይቅ «አክሰፕት ኢንኮዲንግ» በሚል ሄደር (ከጥያቄው ወይም ከመልሱ ፊት የሚሄድ አጭር መስመር) የሚችላቸውን መጭመቂያዎች ይዘረዝራል፤ ጂዚፕ፣ ዲፍሌት፣ ብሮትሊ፣ ክሮም ከ2024 ወዲህ ዚስታንዳርድንም ጨምሯል። ሰርቨሩ አንዱን መርጦ ይጨምቅና «ኮንቴንት ኢንኮዲንግ» በሚል ሄደር የመረጠውን ይናገራል። ብሮውዘሩ ይህን ሄደር አምኖ ነው የሚፈታው። ጆንያው ላይ ጤፍ ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ገብስ ከሆነ ብሮውዘሩ ገብሱን አያስፈጭልህም፣ ጆንያውን እንዳለ ይመልሰዋል። «ዲኮዲንግ ፌይልድ» ማለት ይኸው ነው። ሄደሩ ጂዚፕ ይላል፣ የመጣው ነገር ግን ጂዚፕ አይደለም፣ ወይም ጂዚፕ ሆኖ መንገድ ላይ ተበላሽቷል።

ይህን ከሌሎቹ ለይተህ ያዘው፣ ምክንያቱም የኮምፕረሽን ችግር ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። ገጹ ተከፍቶ ግን በጥያቄ ምልክትና በማይነበብ ኮተት ከተሞላ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የመጣው በእርግጥ የተጨመቀ ነው፣ ሄደሩ ግን የለም። ወይም ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጨምቆ ሄደሩ አንዴ ብቻ ተጽፏል። እዚህ ላይ የኛ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፣ የአማርኛ ፊደል ችግር ይመስለውና ፎንት ሲቀያይር ይውላል። መለያው ቀላል ነው። የፊደል ኢንኮዲንግ ችግር ከሆነ የገጹ ቅርጽ፣ ሥዕሉ፣ ሜኑው ቦታ ቦታው ላይ አለ፣ የተበላሸው ጽሑፉ ብቻ ነው። የኮምፕረሽን ከሆነ ቅርጽ የሚባል ነገር የለም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኮተት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ገጹ እየዞረ እየዞረ የማይጨርስበት አለ፣ እሱ ብዙውን ጊዜ የርዝመት ነገር ነው።

አሁን ወደ አንተ። ከርል ለምን ሠራ? ከርል ካላዘዝከው በቀር ተጨምቆ ይላክልኝ ብሎ አይጠይቅም፣ የመጣውንም አይፈታም። ሄደሩ ጂዚፕ ቢልም ባይልም የደረሰውን ባይት እንዳለ ያፈስልሃል። ስለዚህ «በከርል ይመጣል» ማለት ሰርቨሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። «ኮምፕረስድ» የሚለውን አማራጭ በሁለት ሰረዝ ጨምርበትና እንደገና ጥራው፤ እኔ በገመትኩት ከሆነ እሱም ስህተት 61 ብሎ ይቆማል።

ከዚያ ይህን አድርግ። በስልክ ስለምጽፍ ኮማንዱን በቃል ነው የምነግርህ። ከርልን ጥራ፣ በትልቁ ዲ ሄደሩን አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጥ፣ በትንሿ ኦ ገጹን ሌላ ፋይል ውስጥ አስቀምጥ፣ በትልቁ ኤች «አክሰፕት ኢንኮዲንግ ጂዚፕ» የሚለውን ላክ። በትልቁ አይ ብቻ አትሞክር፣ እሱ ሄደር ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ እኛ ደግሞ ገጹን ራሱን ማየት አለብን። ሲያልቅ የገጹን ፋይል ባይት በባይት በሚያሳየው በኤክስኤክስዲ ክፈትና የመጀመሪያዎቹን ባይቶች እይ። ጂዚፕ የሆነ ፋይል ሁሉ በ1ኤፍ 8ቢ ይጀምራል፣ ከ1996 ጀምሮ አርኤፍሲ 1952 በሚባለው የኢንተርኔት ሰነድ ተደንግጓል፣ ሌላ አጀማመር የለውም። 3ሲ ካየህ እሱ የኤችቲኤምኤል ትንሿ ቅንፍ ናት፣ ገጹ አልተጨመቀም ማለት ነው። 0ኤ ቀድሞ ከዚያ 1ኤፍ 8ቢ ከመጣ፣ አንድ ፒኤችፒ ፋይል መጨረሻው ላይ ባዶ መስመር ተርፎት ከጂዚፑ በፊት እያተመው ነው። ኢኤፍ ቢቢ ቢኤፍ ከሆነ ደግሞ ቦም ነው፣ ፋይል መጀመሪያ ላይ የሚቀመጥ የማይታይ ምልክት፣ በኖትፓድ የተነካ ፋይል ፈልግ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምር። ያንኑ ጥያቄ «አክሰፕት ኢንኮዲንግ»ን ሳትልክ ድገመውና ሄደሩን አወዳድር። የኤንጂንኤክስ የራሱ ጂዚፕ ላልጠየቀ ሰው ጨምቆ አይልክም። ሳትጠይቅም «ኮንቴንት ኢንኮዲንግ ጂዚፕ» ከመጣልህ፣ ያንን ሄደር ሰው በእጁ ጽፎታል።

ውጤቱን አምጣ። የምጠረጥረውን ግን ልንገርህ፤ አድሚን ሲገባ የሚሠራ፣ ለጎብኚ የማይሠራ ነገር ካሽ ነው፣ ማለትም ቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ የገጹ ቅጂ። የካሽ ፕለጊኖች የገባን ሰው በካሽ አያስተናግዱም።

ማጀቴ ዴቭ

ጋሼ «እየዞረ የማይጨርስ» ያሉት እኛ ቢሮ ነበር። የመዝገብ ሶፍትዌር፣ አሮጌ ፒኤችፒ። ኮዱ ውስጥ ገጹን በስትሪንግ ሰብስቦ ርዝመቱን ቆጥሮ «ኮንቴንት ሌንግዝ» ሄደር ላይ የሚጽፍ መስመር አለ። ኮዱ ሲጻፍ ኮምፕረሽን አልነበረም። በኋላ የሰርቨሩ ሰው በፒኤችፒ ኮንፊግ ውስጥ «ዜድሊብ አውትፑት ኮምፕረሽን» የሚለውን ከፈተ። በቃ፣ ሄደሩ 40 ሺህ ባይት ይመጣል ይላል፣ የሚመጣው ተጨምቆ 9 ሺህ ነው፣ ብሮውዘሩ የቀረውን 31 ሺህ ሲጠብቅ ይውላል። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው እንጂ አልለካሁትም። በመጨረሻ ክሮም «ኮንቴንት ሌንግዝ ሚስማች» ብሎ ይተወዋል። ያቺን መስመር ስናጠፋ ሁሉም ተስተካከለ፣ ርዝመቱን ሰርቨሩ ራሱ ያውቀዋል።

ሸዋ ሮቢት 502

እሺ አሁን ቁም ነገር ልናገር። ከኮምፕረሽን ጋር የሚምታታ ሌላም አለ፣ ቪፒኤስ ስትቀይሩ ነው የሚመጣው። ትንንሽ ገጾች ይከፈታሉ፣ ትልልቆቹ መሐል ላይ ይቆረጣሉ። ጂዚፕ የሆነ ፋይል መጨረሻው ከተቆረጠ ደግሞ የሚመጣው ስህተት የኮምፕረሽን ሊመስል ይችላል። ችግሩ ግን የኤንጂንኤክስ ጊዜያዊ ፎልደር ነው። ከፒኤችፒ የመጣው መልስ ሜሞሪ ላይ ካልበቃው ዲስክ ላይ ሊያሳርፈው ይሞክራል፣ ፎልደሩ የሌላ ዩዘር ከሆነ ወይም ዲስኩ ከሞላ መጻፍ ያቅተዋል። ኢረር ሎጉ ላይ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ወይም «ኖ ስፔስ ሌፍት» ብሎ በግልጽ ይጽፈዋል። የአንተ ሎግ ንጹሕ ነው ስላልክ ያንተ አይደለም፣ ግን ሌላ የሚያነብ ይኖራል ብዬ ነው።

መሐል ሜዳ ላይ ነኝ

እንዲህ ስትጽፍ ደስ ትላለህ 502።

የብርዱ ከተማ

ጋሼ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ያሉኝን አደረግኩ።

ከርል በ«ኮምፕረስድ» ሲጠራ 61 ብሎ ቆመ፣ «ኢንኮሬክት ሄደር ቼክ» ይላል። የገጹ ፋይል የሚጀምረው በ3ሲ 21 44 4ኤፍ ነው፣ ማለትም የ«ዶክታይፕ» መጀመሪያ። ጥሬ ኤችቲኤምኤል ነው። ሄደሩ ግን ጂዚፕ ይላል። «አክሰፕት ኢንኮዲንግ»ን ሳልልክም ይላል!

ከዚያ የኤንጂንኤክሱን ፎልደር በግሬፕ «ኮንቴንት ኢንኮዲንግ» ብዬ ስፈልግ ወጣች። ለካሽ ፎልደሩ የተጻፈ ሎኬሽን ብሎክ ውስጥ ነው። ትራይ ፋይልስ አለ፣ መጀመሪያ በጂዜድ የሚያልቀውን የተጨመቀ ፋይል ይፈልጋል፣ ከሌለ ወደ ተራው ኤችቲኤምኤል ይሄዳል። ከሥሩ «ጂዚፕ ኦፍ» ይላል፣ ከዚያ «አድ ሄደር ኮንቴንት ኢንኮዲንግ ጂዚፕ»። የካሽ ፎልደሩን ከፍቼ ሳየው በጂዜድ የሚያልቅ አንድም ፋይል የለም፣ ተራው ብቻ ነው ያለው። ገጹን ስናዛውር የሆስቲንጉ ድጋፍ ሰጪ «ኮምፕረሽኑን ሰርቨሩ ስለሚሠራው ፕለጊኑ ላይ ይጥፋ» ብሎን ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው።

አሁን ጥያቄዬ፣ ፕለጊኑ ላይ መልሼ ላብራው ወይስ መስመሯን ላጥፋት? ደግሞስ ጂዚፕን ዋናው ኮንፊግ ላይ ሳጠፋው ለምን ምንም አልተለወጠም?

አባ ሊኑክስ

ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ሥራ።

ከኋለኛው ልጀምር። «ጂዚፕ ኦን» እና «ጂዚፕ ኦፍ» የሚያዙት የኤንጂንኤክስን መጭመቂያ ነው። መጭመቂያው ሲሠራ ገጹንም ይጨምቃል፣ ሄደሩንም ይጽፋል፣ ሲጠፋ ሁለቱንም ይተዋል። «አድ ሄደር» ግን ምንም አያውቅም፤ የሰጠኸውን ጽሑፍ ይለጥፋል፣ የሚልከው ፋይል ጂዚፕ ይሁን ገብስ አይመረምርም። በዚያ ላይ በዚያ ብሎክ ውስጥ መጭመቂያው ድሮም ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ዋናው ኮንፊግ ላይ ስታበራና ስታጠፋ የዋልከው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር።

ፕለጊኑን መልሰህ ብታበራው ዛሬ ይሠራልሃል። ግን አልመክርህም። በጂዜድ የሚያልቀው ፋይል ገና ሳይፈጠር ተራው ብቻ ያለበት ጊዜ ሊኖር ይችላል፣ ለምሳሌ ካሹ ተጠርጎ እንደገና ሲሠራ። ያን ጊዜ የመጣው ጎብኚ ያንኑ ስህተት ያያል፣ አንተ ስትከፍተው ግን ደህና ይሆንብሃል። እንዲህ ዓይነት የሚመጣ የሚሄድ ችግር ደግሞ ከቋሚው ይብሳል። ሌላም አለ፤ ያ ብሎክ ጂዚፕ ለማይችል ደንበኛም ጂዚፕ ይልካል። የሰው ብሮውዘር ሁሉ ይችላል በለው፣ ግን አንዳንድ ቀላል ስክሪፕትና ቦት ገጽህን ሲጠራ ሳይጠይቅ የተጨመቀ ነገር ይደርሰዋል።

የእኔ ምክር «አድ ሄደር»ዋን አጥፋ። ትራይ ፋይልሱ ውስጥ በጂዜድ የሚያልቀውን አውጣ፣ ተራውን ኤችቲኤምኤል ብቻ ይፈልግ። ከዚያ በምትኩ «ጂዚፕ ስታቲክ ኦን» ጻፍ። ይህ ሞጁል ተራውን ፋይል ሲጠየቅ ከጎኑ በጂዜድ የሚያልቅ አቻ ካለ እሱን ይልካል፣ ሄደሩንም ራሱ ይጽፋል፤ ደንበኛው ጂዚፕ አልችልም ካለ ወይም አቻው ከሌለ ተራውን ይልካል፣ ያኔ ሄደሩን አይጽፍም። የኡቡንቱው ኤንጂንኤክስ ሞጁሉን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ልታረጋግጥ ከፈለግህ ኤንጂንኤክስን በትልቁ ቪ ጠይቀውና ዝርዝሩ ውስጥ ፈልገው። በዚያው ብሎክ ያለውን «ጂዚፕ ኦፍ» ደግሞ «ኦን» አድርገው፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ በሌለ ጊዜ ኤንጂንኤክሱ እዚያው ይጨምቀዋል። ሁለቱ አይጋጩም፣ በስታቲክ የወጣው ሄደሩን ስለያዘ መጭመቂያው ያልፈዋል። «ጂዚፕ ቫሪ ኦን» ጨምርበት። እሱ ከሌለ መሐል ላይ ያለ ካሽ የተጨመቀውን ገጽ ይዞ ላልጠየቀ ሰው ሊሰጠው ይችላል።

ሪሎድ ከማድረግህ በፊት በትንሿ ቲ ፈትሸው።

ማጀቴ ዴቭ

ጋሼ፣ አፓቺ ላይ ያለነውስ? የእኛ ካሽ ፕለጊን የኤችቲአክሰስ ፋይሉ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ጽፎ አይቻለሁ።

አባ ሊኑክስ

አፓቺም ያው ነው። ሪራይት ሩል በጂዜድ ወደሚያልቀው ፋይል ይመራዋል፣ ከዚያ በሄደር ሴት ጂዚፕ ተብሎ ይጻፋል። እዚያ ግን አደጋው ሌላ ነው፣ ሞድ ዲፍሌት ፋይሉ የተጨመቀ መሆኑን ሳያውቅ በላዩ ላይ ሌላ ጊዜ ሊጨምቀው ይችላል። ለዚህ ነው በሪራይት ሩሉ ላይ «ኖ ጂዚፕ» የሚባለው ምልክት በ1 የሚቀመጠው፣ የአፓቺ ዶክዩመንቴሽን ራሱ እንዲሁ ያሳያል። ያንተ ኤችቲአክሰስ ውስጥ ካለ ተወው፣ ከሌለ ጨምረው።

ፒኤችፒ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ኦቢ ጂዜድ ሃንድለር» የሚል ጥሪ በአሮጌ ቴምፕሌት ውስጥ ካገኛችሁ አውጡት። ከ«ዜድሊብ አውትፑት ኮምፕረሽን» ጋር አብሮ መሥራት አይችልም፣ ማኑዋሉም ይህን በግልጽ ጽፎታል። እኔ ብጠየቅ ሁለቱንም አላስቀምጥም። ፒኤችፒ ገጹን ይሥራ፣ መጭመቁን ከፊት ያለው ሰርቨር ይሥራው። የሚጨምቀው እጅ አንድ ብቻ ይሁን፣ ሄደሩንም ያው እጅ ይጻፈው።

መሐል ሜዳ ላይ ነኝ

እኔም አንድ ልጠይቅ። ወንድሜ የሚሠራበት ቢሮ ውስጥ አንድ ድረ ገጽ ብቻ ያንኑ ስህተት ያሳያል። በስልኩ ዳታ ሲከፍተው ይሠራል። ሰርቨሩ የእኛ አይደለም።

ሸዋ ሮቢት 502

ይህ እንኳ የሰርቨሩ አይመስለኝም፣ መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው። ገጹ ኤችቲቲፒ ብቻ ነው ወይስ ኤችቲቲፒኤስ? ኤችቲቲፒ ከሆነ የቢሮው ፕሮክሲ መሐል ገብቶ ገጹን ከፍቶ ያየዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ፈትቶ አይቶት ሄደሩን ሳይነካ ያሳልፈዋል። ኤችቲቲፒኤስ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አንቲቫይረስ ጠርጥር፣ የተመሰጠረውን ትራፊክ የሚፈትሽ ዓይነት ከሆነ እሱም መሐል መግባቱ ነው። ያንን ፍተሻ ለአፍታ አጥፍቶ ይሞክር። በስልኩ ሆትስፖት ያንኑ ኮምፒውተር አገናኝቶም ይሞክር፤ በሆትስፖት ከሠራ የቢሮው ኔትወርክ ነው፣ በሆትስፖትም እምቢ ካለ ችግሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

ብሮውዘሮች ብሮትሊን የሚጠይቁት በኤችቲቲፒኤስ ብቻ የሆነው በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው፣ አሮጌ ፕሮክሲዎች የማያውቁትን ኢንኮዲንግ ሲያዩ ያበላሹት ነበር።

መሐል ሜዳ ላይ ነኝ

ሆትስፖቱን እነግረዋለሁ። የአንቲቫይረሱን ግን የአይቲ ክፍሉ ካልሆነ እሱ መንካት አይችልም።

የብርዱ ከተማ

ጋሼ ተከፈተ! በክሮምም በፋየርፎክስም። ከርል በ«ኮምፕረስድ» ሙሉውን ያመጣል፣ የመጀመሪያዎቹ ባይቶችም 1ኤፍ 8ቢ ሆነዋል። ሳልጠይቅ ስጠራው ደግሞ የኢንኮዲንግ ሄደሩ የለም፣ ጥሬው ይመጣል።

እትዬ ስልክ ላይ ግን አሁንም የድሮው ስህተት ነው የሚታያቸው። «ለሰው ሁሉ ከፍተህ ለእኔ ዘጋኸው?» አሉኝ።

አባ ሊኑክስ

እትዬን ይቅርታ ጠይቅልኝ። የእሳቸው ስልክ የድሮውን መልስ ከነሄደሩ ካሽ ላይ ይዞት ይሆናል። በመጀመሪያ በኢንኮግኒቶ ክፈተው። እዚያ ከተከፈተ የብሮውዘሩን ካሽ ብቻ አጥፋላቸው፣ የይለፍ ቃላቸውን እንዳትነካባቸው። እዚያም ካልተከፈተ ከሰርቨሩ ፊት ሲዲኤን (ገጹን ገልብጦ በየቦታው የሚያስቀምጥ አገልግሎት) አለ ወይ? ካለ እሱንም ፐርጅ ማድረግ አለብህ፣ የተበላሸውን ገጽ እሱ ይዞት ሊሆን ይችላል።

የብርዱ ከተማ

ሲዲኤን የለም። ካሹን አጠፋሁላቸው፣ ተከፈተ። አሁን የበርኖሱን ዋጋ ቀይርልኝ ወደሚለው ተሸጋግረናል።

የመጨረሻ ጥያቄ። ዋናው ኮንፊግ ላይ ጂዚፕን መልሼ ሳበራው «ጂዚፕ ታይፕስ» የምትለው መስመር በሃሽ ተዘግታ አገኘኋት። ምን ምን ልጻፍባት? ለባናዎቹ የተነሱት ፎቶዎች ብዙ ናቸው፣ እነሱንም ልጨምር?

ማጀቴ ዴቭ

ፎቶዎቹን ተዋቸው። ጄፔግ፣ ፒኤንጂ፣ ዌብፒ ድሮም የተጨመቁ ናቸው፣ እንደገና ብትጨምቃቸው ሲፒዩህን ታደክማለህ እንጂ አይቀንሱም። ዎፍ 2 ፎንትም እንደዚያው፣ ውስጡ ብሮትሊ ነው። ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ጄሰን፣ ኤክስኤምኤል እና ኤስቪጂ ጨምር። ኤችቲኤምኤልን አትጻፈው፣ ኤንጂንኤክስ ሁልጊዜም ይጨምቀዋል፤ ብትጽፈው የተደጋገመ ታይፕ ብሎ ያስጠነቅቅሃል። የመጭመቂያ ደረጃውን 5 አካባቢ አድርገው፣ ካልጻፍከው 1 ነው የሚሆነው። «ሚን ሌንግዝ»ንም ወደ 1000 ከፍ አድርገው፣ ካልጻፍከው 20 ባይት ነው፣ ያቺን ታህል መልስ መጭመቅ ምንም አይጠቅምም።

የፎቶዎቹ ነገር ካሳሰበህ መጠናቸውን ከመጫንህ በፊት አሳንሰው። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ አንድ ፎቶ የገጹን ጽሑፍ በሙሉ ብዙ እጥፍ ያህላል።